ሸክላ በጠራራ ፀሐይ

እታለማሁ ጭቃ የምትረግጠው ደጃፏ ላይ ነው። ጓሮ አጥታ አይደለም፤ ጓሮዋማ ሰፊ ነው፣ አጥርም አለው። ግን ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር በሚያልፍበት፣ የቡቲዬ ሰፈር ፍየሎች በሚሻገሩበት መንገድ ፊት ለፊት ቆማ ትረግጣለች። የሚያይ ይይ፣ ማየት የማይፈልግም ፊቱን አዙሮ ይለፍ። በኬንያው ሞያሌ ከደጋ የመጣ ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። እሷ የራሷን ራሷ ቆጥራ ጨርሳ በር ላይ አስጥታዋለች።

እንዲህ ሆና ግን አልተወለደችም። የተወለደችው ወሎ ገጠር፣ መሬት ከሌላቸው ሸክላ ሠሪዎች ቤት ነው። የአገሩ ሰው በሙሉ በእናቷ ድስት ይቀቅላል፣ በእናቷ ጋን ይጠምቃል፣ በእናቷ እንስራ ውኃ ይቀዳል። ድግስ ሲሆን ጋኑ በክብር እልፍኝ ይገባል፣ እናቷ ግን ደጅ ትቀመጣለች። ጠላ የሚያወጡላት በተሰነጠቀ ቅል ነው፤ ጠጥታ ስትመልስ ቅሉ ይጣላል። ልጅ የታመመበት ሁሉ "ያቺ ሸክላ ሠሪ አይታው ነበር" ይላል። ቡዳ ናት፣ በዓይኗ ትበላለች ማለቱ ነው። ይህን የሚሉት እንግዲህ እሷ በሠራችው ድስት የተሠራውን ወጥ እየጠቀለሉ ነው። ጉድ እኮ ነው! ሰው በዕቃው ሲበላ አያፍርም፣ ዕቃውን የሠራውን በስሙ ለመጥራት ያፍራል።

እናቷ ሸክላ የምትተኩሰው ከወንዙ ማዶ፣ ሰው በማይደርስበት ገደል ሥር ነበር። ጢሱ ከታየ ልጆች ድንጋይ ይወረውራሉ። እታለማሁ ሙያውን የተማረችው በሹክሹክታ ነው ማለት ይቻላል፤ እናቷ "እንዲህ አቡኪ፣ እንዲህ ጠቅልዪ" ስትላት እንኳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። ከሙያው ጋር መደበቁንም አብራ ተማረች፣ ሁለቱም አንድ ትምህርት መስለዋት።

ዘርአብሩክ የሚባል የከባድ መኪና ረዳት አግብቷት ወደ ሞያሌ ሲያመጣት በመንገድ ላይ መከራት። እዚያ ማንም ማንንም አያውቅም፣ ወገኖችሽ ምን ነበሩ ቢሉሽ ገበሬ በይ አላት። አለች። ዘርአብሩክ ራሱ ብዙ አልቆየም፤ አንድ ቀን ወደ ናይሮቢ ከሚወርድ ጭነት ጋር ሄደ፣ ደቡብም ዋጠው። ያን ጊዜ የደረሰችላት ሰሎሜ ናት። ሰሎሜና ባሏ ስዩም የኢትዮጵያ ሹፌሮች የሚያርፉበት ሆቴል አላቸው። ሰሎሜ እታለማሁን ወጥ ቤት አስገባቻት፣ ስትታመም አስታመመቻት፣ በመጨረሻም እዚህ ያሉ የደጋ ሴቶች በየወሩ በማርያም ዕለት የሚጠጡትን ማኅበር አስገባቻት። እህቴ ትላታለች። ውለታዋ ውሸት አልነበረም፤ ይህ መነገር አለበት፣ ነገሩን ያከበደው እሱ ነውና።

ማኅበሩን የማያውቅ የለም። የሸክላ ጽዋ አለ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። የወሩ ተረኛ ትጠምቃለች፣ ድፎ ትጋግራለች፣ ሌሎቹ ቤቷ መጥተው ጽዋውን እየተቀባበሉ ይጠጣሉ። ወሩ ሲሞላ ጽዋው ለሚቀጥለዋ ተረኛ ይሰጣል። እናቷን ከደጅ ያስቀመጠ ሕዝብ፣ እሷ ቤት ገብቶ ከአንድ ጽዋ ይጠጣል። እታለማሁ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ቤቷን ስትጠርግ ይህንን ታስባለች። ገበሬ ነን ማለቷ አንዳንድ ጊዜ ቢከነክናትም ጽዋውን ስትቀበል ይረሳታል።

ነገሩ የተለወጠው በአንድ ተራ ቀን ነው። ሮዝ የምትባል፣ ቡቲዬ ውስጥ ለሴት ልጆች ሙያ የሚያስተምር አዳራሽ የምትመራ ሴት ሆቴሉ ምሳ ልትበላ መጣች። ልጆቹ ልብስ ስፌት ሰልችቷቸዋል፣ ሸክላ መሥራት የሚያስተምር ሰው ታውቃላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። ሰሎሜ ስቃ "እኛ ጋ እንደዚያ ያለ ሰው የለም" አለች። እታለማሁ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። እናቷ ድግስ ቤት ከደጅ ተቀምጣ ቅሉን ስትቀበል ታየቻት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"እኔ አውቃለሁ" አለች። "ከእናቴ ነው የተማርኩት።"

ሰሎሜ ቀልድ መስሏት ጥቂት ጠበቀች፤ ቀልድ እንዳልሆነ ስትረዳ ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። በዚያን ቀን ግን ምንም አልተናገረችም። ለብቻቸው ሲሆኑ ብቻ፣ እንግዲህ አንዴ ከአፍሽ ወጥቷል፣ አስተምሪ፣ ግን አዳራሹ ውስጥ ይሁን፣ ስትተኩሱም ከአጥር ውስጥ ይሁን፣ ሰው እንዳያይ አለቻት። እታለማሁ የእናቷን ገደል አስታወሰች። እሺ ግን አላለችም።

ትምህርቱ ተጀመረ። ልጆቹ ጥቂት ነበሩ። ከነሱ መካከል የሰሎሜ ልጅ ሐሴት አለች፤ እናቷን አስቸግራ ነው የመጣችው። የቦረና ልጅ ጃለቱም አለች፣ እጇ ፈጣን፣ ትዕግሥቷ ግን አጭር። እታለማሁ መጀመሪያ ቀን ጭቃ አላስነካቻቸውም። ከከተማው ውጭ ወዳለው ቦሪ ወስዳ ከደረቀ ኩሬ ዳር አፈር አስቆፈረቻቸው። ጥሩ የሸክላ አፈር በምራቅ አርሰሽ በጣትሽ ስትጠቀልዪው እንደ ክር ይሳባል፣ ሳይበጠስ ይጠመዘዛል አለቻቸው። የሚበጠሰው አሸዋው የበዛ ነው። ከዚያ አፈሩን አስደቆሰቻቸው፣ በወንፊት አስነፋቻቸው፣ ነጭ ጠጠሯን አንድ በአንድ አስለቀመቻቸው። ያቺ ነጭ ጠጠር ሌባ ናት። እሳት ውስጥ ዝም ትላለች፤ ዕቃው ወጥቶ፣ ተመርቆ፣ ውኃ ሲጠጣ ግን ታብጥና ጎኑን ትገምሰዋለች። የኖራ ድንጋይ በሞላበት በዚህ አገር ይህን ያልለቀመ ሰው ሙያውን ቢተው ይሻለዋል።

ቀጥሎ አሮጌ ገል አምጥታ አስፈጨቻቸው። ሐሴት የተሰበረ ዕቃ ዱቄት ከአዲስ ጭቃ ጋር መቀላቀሉ አልገባትም። እታለማሁ ነገረቻት፦ ጥሬው ጭቃ ብቻውን እሳት ላይ ሲወጣ ይደነግጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ገሉ ግን እሳቱን አንዴ አይቶታል፣ ለጭቃው ድፍረት ይሰጠዋል። ከዚያ ያለው የጉልበት ነገር ነው። ጭቃው ይረገጣል፣ ይቦካል፣ ውስጡ የቀረች አየር እስክትወጣ በመዳፍ ይታሻል። መቀመጫው እንደ ቂጣ ይጠፈጠፋል፤ በላዩ እንደ ገመድ የተድቦለቦለ ጭቃ እየተጠማዘዘ ይነባበራል። አንዱ ጥቅል ከሌላው ጋር የሚጣበቀው በፍቅር አይደለም አለች፣ ሁለቱንም ትቧጭሪያቸዋለሽ፣ በመካከላቸው ቀጭን ጭቃ ትቀቢያለሽ፣ በጣትሽ ከላይ ወደ ታች ትጎትቺያለሽ። ያልተቧጨረ ግድግዳ አይያያዝም። ግድግዳው አንዱ ቦታ ወፍራም ሌላው ቦታ ቀጭን ከሆነም በመድረቅ ላይ ሳለ ይጣላሉ።

ልጆቹ ያልወደዱት ማድረቁን ነው። ፀሐይ ላይ አይሰጥም፣ ጥላ ውስጥ ተከድኖ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ በመሃሉ፣ ገና በጥፍር ሲጫን ምልክት በሚቀበልበት ጊዜ፣ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፣ ያበራል። ደርቋል አልደረቀም የሚባለውን የሚያውቀው ዓይን አይደለም። ዕቃውን ጉንጭሽ ላይ አስጠጊው ትላለች እታለማሁ። ከቀዘቀዘሽ ውስጡ ገና ውኃ አለ፣ ተዪው።

ጃለቱ ጉንጯ ላይ አላስጠጋችውም። እናቷ ሃዋ ወተት የሚቀመጥበትን ጮጮ ሁልጊዜ በፍም ታጥነዋለች፤ ጥሩ ሽታ ካለው እንጨት ፍም ታወጣለች፣ ውስጡ ትጨምራለች፣ ትከድናለች፣ ታንቀጠቅጣለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ዕቃ ማለት ለጃለቱ የታጠነ ነገር ነው። እንግዲህ እታለማሁ ውኃ ልታመጣ ወጣ ስትል፣ ጃለቱ ለአስተማሪዋ መልካም ሥራ ልታሳይ ብላ ፍም አምጥታ ገና ርጥብ የሆነውን ማሰሮዋን አጠነችው። ውስጡ የነበረው ውኃ መውጫ አጣ። ማሰሮው እንደ ጥይት ጮኸ፣ ስብርባሪው ጉንጯን ቧጨራት፤ ልጅቷ ከመደንገጧ የተነሣ በማግስቱ ትኩሳት ይዟት ዋለች።

ይኸው ነው የሆነው። ከተማው የሰማው ግን ሌላ ነው። ሸክላ ሠሪዋ የጃለቱን ማሰሮ አይታ አደነቀች፣ ማሰሮው ፈነዳ፣ ልጅቷ ታመመች። ወሬው በዋትሳፕ ድንበር ተሻግሮ ተመለሰ፤ ሲመለስ ጃለቱ ስለ እታለማሁ ትለፈልፋለች፣ እህል አልበላ ብላለች የሚል ተጨምሮበት ነበር። ድሮ ወሬ በእግሩ ይሄድ ነበር፣ አሁን ስልክ ይዟል። ከልጆቹ ሦስቱ ከትምህርቱ ቀሩ፤ ሐሴትንም እናቷ ከለከለቻት።

ሃዋ ራሷ መጣች። እታለማሁ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት፣ ስድብ ይመጣል ብላ። ሃዋ ግን ከገባች በኋላ የማሰሮውን ስብርባሪ አንስታ ውስጡን አሸተተች፣ ጥቀርሻውን በጣቷ ነካች፣ ሳቀች።

"ሰው ያንቺ ዓይን ነው ይላል" አለች ሃዋ በተሰባበረ አማርኛዋ። "እኔ ልጄን አውቃለሁ። ጮጮ መስሏት ነው። ትኩሳቱ ትላንት ለቋታል፣ ዛሬ ሻይ ጠጣች፣ ተሳደበች። ነገ እልካታለሁ።"

እታለማሁ በዚያን ቀን ብቻ አለቀሰች። በሐዘን አልነበረም፤ የእናቷን ድስት እየበላ የኖረ ሰው ያላደረገላትን፣ ቋንቋዋን በቅጡ የማትናገር ሴት ስላደረገችላት ተናደደች፣ ንዴቱም እንባ ሆኖ ወጣ።

ሰሎሜ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ተቀመጪ ስትባል አልተቀመጠችም። የማርያም ዕለት ደርሷል፣ ተራው የእታለማሁ ነው፣ ጽዋው ደግሞ ባለፈው ወር ካዘጋጀችው ከሰሎሜ ቤት አለ። ሴቶቹ አንገባም ብለዋል አለች። እኔ በአንቺ ክፉ አላስብም፣ ግን ሰው ምን ይላል? ጭቃውን ተዪ፤ ትቻለሁ ብለሽ በማኅበሩ ቄስ በአባ ፊት ተናገሪ፤ ተራሽ ይጠበቅልሻል፣ ነገሩም ይረሳል። ካልሆነ ጽዋው ወደ ሌላ ቤት ያልፋል። አንዴ ካለፈ ደግሞ አይመለስም፤ ይህንን ሁለቱም ያውቁታል።

"እትዬ ሰሎሜ፣ ምን አጥፍቼ ነው የምተወው?" አለች እታለማሁ።

"አላጠፋሽም። ግን ሰው..."

"ሰውን ተዪው። አንቺስ?"

ሰሎሜ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ዞረች። እታለማሁ የበሩን መጋረጃ ገልጣ ያዘችላት። "ተራዬ ነው። እጠምቃለሁ፣ እጋግራለሁ፣ በሬን ከፍቼ እጠብቃለሁ። ያልመጣ የራሱ ጉዳይ።"

ከዚያ ያደረገችውን ብዙ ሰው እልህ ነው ይላል። ልክ ናቸው፣ እልህ ነው። እልህ ማለት መጥፎ ነገር የሚመስላቸው እልህ ውስጥ ገብተው የማያውቁ ናቸው። ከአጥር ውስጥ ተኩሺ የተባለችውን ሸክላ ከባድ መኪኖች የሚያርፉበት ሜዳ ጎን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያተኛ በሚያልፍበት ልትተኩስ ወሰነች። መጀመሪያ ወደ ቺፉ፣ ወደ አካባቢው ሹም ቢሮ ሄዳ አስፈቀደች። "ሞቶ" ነው ወይ፣ በስዋሂሊ እሳት ማለቱ ነው፣ ብሎ ቺፉ ጠየቃት። አዎ አለች። ነፋስ ሲነሣ እሳቱን ጥላችሁ እንዳትሄዱ ብቻ አለና ፈቀደ። ከሱ ጋር ለመነጋገር ስዋሂሊዋ በቃት፤ ከወገኖቿ ጋር ነው አማርኛው ያልበቃት።

በቅዳሜ ዕለት ልጆቹ ዕቃዎቻቸውን በሳር ጠቅልለው በጋሪ አመጡ። ከትምህርቱ የቀሩትም ልጆች ዕቃ አብሮ መጣ፣ የሐሴት ድስት ሳይቀር። ስንጥቅ የሌለበት፣ ጉንጭ ላይ የማይቀዘቅዝ ብቻ ተመረጠ። ዕቃው የሚሞቀው ከመተኮሱ በፊት ነው፤ ቀዝቃዛ ዕቃ ድንገት እሳት ካገኘው ያለቅሳል። እታለማሁ ጃለቱን ጠራቻት። ጉንጯ ላይ ያለው ጠባሳ ገና ቀይ ነበር፣ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እሱን ያያል።

"ፍም አምጪ" አለቻት። "እናትሽ ጮጮዋን እንደምታጥነው አድርገሽ እጠኚያቸው። አሁን ጊዜው ነው።"

ጃለቱ እናቷን አየች፣ ሃዋ ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷ በየዕቃው ውስጥ ፍም እያደረገች፣ እያዞረች፣ ቀስ እያለች አሞቀቻቸው። ያኔ ያፈነዳው ያው እጅ፣ ያው ፍም ነው፤ የተለየው ጊዜው ብቻ ነው። አንድም አልጮኸም። ከዚያ ዕቃዎቹን በድንጋይ ላይ ደፍተው ደረደሯቸው፣ እንጨት አለበሷቸው፣ በእንጨቱ ላይ የደረቀ የከብት ኩበት ደረቡ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አሮጌ ገል እንደ ግድግዳ አቆሙ። እታለማሁ ራሷ ለኮሰች። ጢሱ ወጣ፣ ከድንበሩ ወዲያም ሳይታይ አልቀረም። ድንጋይ የሚወረውር ልጅ አልነበረም። ሹፌሮች ሻያቸውን ይዘው ቆመው ያያሉ፣ የደጋ ሴቶች ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ከሱቁ በረንዳ ላይ ሆነው ያያሉ። ሰሎሜና ሐሴትም እዚያ ነበሩ።

እሳቱ ወርዶ ዕቃዎቹ ፍም መስለው ሲታዩ፣ እታለማሁ በረጅም እንጨት እየጎተተች አወጣቻቸው። አየር በደንብ ያገኘው ቀይ፣ በኩበቱ የታፈነው ጥቁር ሆኖ ወጣ። ትንሽ ቀዝቀዝ ሲሉ አንዱን አነሣችና በጣቷ አንኳኳችው። የተተኮሰ ሸክላ በድምፁ ይታወቃል፤ ያልተጎዳ እንደ ደወል ይጠራል፣ ስንጥቅ ያለበት ግን ድምፁ ይሞታል። እያንኳኳች ለየባለቤቱ ሰጠች። ሁሉም አልዳነም። ነፋሱ ከተነሣበት በኩል የነበሩ ጥቂቶቹ ተሰንጥቀዋል፣ አንድ ገንቦ ለሁለት ተከፍሏል። እታለማሁ ግማሹን ገንቦ ከፍ አድርጋ ወደ በረንዳው አሳየች።

"ይሄን ማን በላው?" አለች፣ ድምፅዋን ሳትደብቅ። "እኔ ነኝ? የራሴ ገንቦ ነው። ነፋስ ነው የበላው። ድሮም ነፋስ ነበር፣ ኖራ ነበር፣ ውኃ ነበር። እናንተ ግን ቡዳ ብላችሁ እናቴን ነው የጠራችሁት።"

አንድ ሹፌር ሊስቅ ብሎ የሌሎቹን ፊት አይቶ ተወው። እታለማሁ ቀጥላ አንድ ጥቁር ድስት አነሣችና አንኳኳች፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ይሄ የሐሴት ነው አለች። ሐሴት ከእናቷ ጎን ቆማ ነበር። ሰሎሜ እጇን ልትይዝ ዘረጋች፤ ልጅቷ ግን መንገዱን ተሻግራ መጥታ ድስቷን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ከሌሎቹ ልጆችም ጋር ቆመች። እናቷ ሁለት ጊዜ ጠራቻት። አልዞረችም።

የማርያም ዕለት እታለማሁ ጌሾውን ከድንበሩ ማዶ አስመጥታ የጠመቀችው ጠላ ደርሷል፣ ድፎው ወጥቷል። ልጆቹ የሠሯቸውን ዋንጫዎች አሟሽታ ደረደረች፤ ዘይት ቀብታ በቀስታ እሳት አስነክታ። ቤቷን ጠረገች፣ በሩን እስከ ጥጉ ከፈተች፣ ነጠላዋን ለብሳ ተቀመጠች። የማኅበሩ ሴቶች በመንገዱ ወዲያኛው ዳር እያለፉ ወደ ቤቷ እንዳያዩ አንገታቸውን አዞሩ። አባ ሆዴን ቆርጦኛል ብለው ላኩባት፤ ማንም ያልበላው ድግስ ሆዳቸውን እንዴት እንደቆረጠው እግዚአብሔር ይወቅ። ሃዋና ጃለቱ ብቻ ወተት ይዘው መጡ። ለማርያም ሳይሆን ላንቺ ነው አለች ሃዋ፣ ጠላውንም እንደማትጠጣ አስታወሰቻት። እታለማሁ በወተቱ አመሰገነች፣ ሆኖም ዓይኗ ከበሩ አልተነሣም። ባዶ በር ምን ያህል እንደሚያም የሚያውቀው ከፍቶ የጠበቀ ሰው ነው። እንደ እናቷ ደጅ የተቀመጠች መሰላት፣ ልዩነቱ ደጁ የራሷ መሆኑ ብቻ ነው። ቢሆንም አልዘጋችውም።

ከሰዓት በኋላ ሐሴት መጣች። ጽዋውን ይዛለች፤ ጨርቅ አላለበሰችውም፣ በባዶው በአደባባይ ተሸክማው መጣች። ገብታ እታለማሁ እጅ ላይ አስቀመጠችው። ተራው ያንቺ ነው ቲቸር አለች፣ ሌላ ምንም አላለችም። ከኋላዋ ወዲያው ሰሎሜ ደረሰች፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራትቷል። ወሬውን የሰሙት የማኅበሩ ሴቶችም ተከትለው መንገዱ ላይ ቆመዋል። ሰሎሜ የበሩን ደፍ አላለፈችም።

"መልሺልኝ እታለም" አለች። "በእግዚአብሔር፣ አታዋርጂኝ።"

እታለማሁ ጽዋውን አልመለሰችም፣ አልደበቀችም። በሁለት እጇ ይዛ እስከ ደፉ መጣች።

"ሰሎሜ፣ ይሄን ጽዋ ማን የሠራው ይመስልሻል?"

ሰሎሜ ጽዋውን አየች።

"ገበሬ አልሠራውም። ነጋዴ አልሠራውም። ከሰማይም አልወረደም። መጀመሪያ ከእጅሽ ተቀብዬ ስጠጣ ነው ያወቅኩት፣ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ከውስጥ፣ ከአንገቱ ሥር፣ ሠሪዋ የመጨረሻውን ጥቅል ስታጣብቅ ጣቷ ተጭኖ ሳይለሰልስ የቀረበት ቦታ አለ። የአንዲት ሴት አውራ ጣት ነው። በየወሩ እሱ ላይ የፈሰሰውን ነው የምትጠጪው። እጅሽን አግቢና ዳብሺ።"

ጽዋውን ዘረጋችላት። የመንገዱ ሴቶች ያዩት ይህንን ነው፤ ሰሎሜ ጽዋውን ነጥቃ የምትሄድ መስሏቸው ነበር። ሰሎሜ ተቀበለች። ከዚያ ጣቷን ወደ ውስጥ ሰዳ በቀስታ ዙሪያውን ፈለገች፣ ደርሳም ቆመች። አውራ ጣቷ ጉድጓዱ ውስጥ ልክ ገባ። ፊቷ ተለወጠ፤ ልታለቅስ መሰለች፣ አላለቀሰችም። ስትታመም ያስታመመቻት ሴት ፊት ይኸው ነበር፣ እታለማሁ አወቀችው። ቢሆንም አልለሰለሰችላትም።

"ጠላው በስተግራ ነው" አለቻት። "ግቢ፣ ቅጂ።"

ሰሎሜ ደፉን አለፈች። ነጠላዋን አደገደገች፣ ወደ ጋኑ ጎንበስ ብላ ጽዋውን ሞላች፣ መጀመሪያም ለእታለማሁ ሰጠች።